ዓይኑ የተሸፈነው ግመል

ግመሉ ምን አይቶ ነው የቆመው?

መጀመሪያ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እንግዳው ነው፤ በቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት።  ግመሉ ያየውን እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው የሆነውን ብቻ ስለሆነ እሱን ከመጀመሪያው ልናገር።

በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. መተማ ላይ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የሥራ መደቤ «የትምህርት መርጃ አዘጋጅ» ይባላል። ሥራው የታመመ ከብት መሳል ነው። ደስታ በሽታ የያዘው በሬ አፉ እንዴት እንደሚቆስል፣ ዓይኑ እንዴት እንደሚያለቅስ እስልና ገበሬው አይቶ እንዲጠነቀቅ በየስብሰባው ቤት ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ለዚህ ብዬ ግን አልተማርኩም። ኪየቭ ስድስት ዓመት የቆየሁት የእንስሳትን ፊት በውሃ ቀለም መሳል ልማር ብዬ ነው። ሊዲያ ፓቭሎቭና የምትባል አስተማሪያችን በየሳምንቱ ፈረስ ጋጣ ወስዳ ታቆመንና «ፀጉሩን ማንም ይስለዋል። ፈረሱ ምን እያሰበ እንደሆነ ካላሳያችሁኝ የሳላችሁት ቆዳ ነው» ትለን ነበር።

የተወለድኩት እዚያው ቆላ፣ ሸሕዲ ነው። አባቴ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ ሲያርስ የኖረ ሰው ነበር። የበሬ ፊት ለመሳል ባሕር ማዶ ድረስ ምን እንዳስኬደኝ ሳይገባው ሞተ። እውነቱን ለመናገር ለእኔም በደንብ አልገባኝም ነበር። ኪየቭ ሳለሁ የቆላው ሙቀት ይናፍቀኛል፤ ቆላ ስመለስ ደግሞ በየሌሊቱ በረዶ አልማለሁ። የትም ብሆን ግማሼ ሌላ ቦታ ነበር።

መጋቢት መግቢያ ላይ ከጎንደር ደብዳቤ መጣ። ሚያዝያ ሃያ ሦስት ለሚውለው የሠራተኞች ቀን ኤግዚቢሽን ስለሚከፈት፣ ከየአካባቢው «ከሰፊው ሕዝብ ጋር የሚሠሩ እንስሳት» ሥዕል ይላክ ይላል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሥዕል የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ሥራዬን ቢያይልኝ ከዚህ ያወጣኛል ብዬ አሰብኩ። ከቁስለኛ በሬዎች የምገላገልበት መንገድ ሌላ አልታየኝም።

የሚሠራ እንስሳ የት አለ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም የጠቆመኝ አንድ ቦታ ነው፤ የመጂዳን ዘይት መጭመቂያ። የከተማው ሰው በዐረብኛው «ዐሳራ» ይለዋል። ከወፍራም ግንድ የተፈለፈለ ሰው የሚያህል ሙቀጫ መሐል ላይ ተተክሏል፤ በውስጡ ዘነዘና ቆሟል፤ ከዘነዘናው ላይ የሚነሳ ረጅም አግዳሚ እንጨት ከግመሉ ትከሻ ጋር ታስሯል። ግመሉ ሲዞር ዘነዘናው ሰሊጡን ይደቁሳል፤ ዘይቱ በቦይ ይወርዳል፤ ፋጉሎው ለከብት ይቀራል። ግመሉ ሰቡር ይባላል። በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ከሰሌን የተሠሩ ጉልላት የሚመስሉ ትንንሽ ክዳኖች በጨርቅ ታስረውበታል።

ወረቀቴንና ቀለሜን ይዤ በገባሁበት ጠዋት መጂዳ እጇ እስከ ክርኗ ዘይት ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

«ኡስታዝ፣ ግመል ልትገዛ ነው?» አለችኝ፤ በዐረብኛ መምህር ማለቷ ነው።

«ልስለው ነው።»

«ምን ያደርግለታል? ሥዕሉን ልከህ ሚስት ልታጭለት ነው?»

«ጎንደር ይሰቀላል።»

«ይሰቀላል? ምን አጠፋ?» ብላ ሳቀች። ከሙቀጫው አጠገብ የቆሙት ሽማግሌም ሳቁ። ሙሐመድጣሂር ናቸው፤ የሟች ባሏ አጎት። በወጣትነታቸው እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ ግመል ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ባሏን ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ከገደለው ወዲህ ግመሉን የሚይዙት እሳቸው፣ ሰሊጡን የምትጨምረው እሷ ናት። ሁለት ሴት ልጆች አሏት። አራቱም የሚኖሩት ሰቡር በሚዞረው ነው።

ተቀምጬ መሳል ስጀምር የጠየቅኩት የመጀመሪያው ነገር ክዳኑን ነበር።

«አባት፣ ይህን ለአፍታ ቢያነሡልኝ? ዓይኑን ማየት አለብኝ።»

«እዚህ ውስጥ አይገለጥም» አሉኝ።

«ለምን?»

«መንገድ ላይ ነዋ። ከጠዋት ጀምሮ ገዳሪፍ እየሄደ ነው የሚመስለው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ታዲያ አይደርስም?»

«ይደርሳል እንጂ! አሥር ሰዓት ላይ ና፣ ታያለህ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሽማግሌው ግመሉን ከአግዳሚው ፈቱት እንጂ ዓይኑን አልገለጡም። በገመድ እየሳቡ አወጡት፤ በቤቶች መሐል አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ እያጠማዘዙ፣ ውሃው ወደደረቀው ወንዝ አወረዱት። አሸዋው ውስጥ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ አጠገቡ ትልቅ የሮቃ ዛፍ። ከዛፉ ሥር ሲደርሱ «ኢኽ» ብለው አንበረከኩትና ጆሮው አጠገብ «ደረስን፣ ሰቡር። አልሐምዱሊላህ፣ ደረስን» አሉት። ክዳኖቹን ያኔ አነሡለት።

ሰቡር ዙሪያውን አየ። ረጅም ሽፋሽፍቱን ሁለቴ አርገበገበ። ከዚያ ውሃውን ጠጣ።

«ስድስት ዓመት እንዲህ እያደረግኩ ነው» አሉኝ። «በልጅነቱም እንዲሁ ነው የለመደው። አንድ ቀን እንኳ ሳላደርሰው አላደረም።»

ለአሥር ቀን ያህል ሞከርኩ። በመተማ ሙቀት የውሃ ቀለም መሳል ከንቱ ድካም ነው። ብሩሹን ከወረቀቱ ሳላነሣ ቀለሙ ይደርቃል፤ ጠርዙ ይቆርጣል። ከወረቀቱ ሥር የረጠበ ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ ማር ጠብ አደርግበታለሁ፤ ማሩ ደግሞ ዝንብ ይጠራብኛል። አሥራ አራት ወረቀት አበላሸሁ። ከሮቃው ሥር የሳልኩት ግመል ጠግቦ የተኛ ግመል ነው፤ ዓይኑ ምንም አይጠይቅም። ዐሳራው ውስጥ የሳልኩት ደግሞ ሁለት የሰሌን ክዳን ብቻ ነው። የሳልኩት ቆዳ ነበር።

ጓድ እንግዳው አንድ ቀን መጣና ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ገለጣቸው። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ፈጣን፣ ክፉ ለመሆን ጊዜ የሌለው ሰው ነው።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«ውሃ ይጠጣል።»

«ሠርቶ አደር ግመል ነው የተባልነው፣ ጓድ ፀሐዩ። ይሄ ዕረፍት የወጣ ግመል ነው።»

ከዚያ ወደ መጂዳ ዞሮ የመጣበትን ነገር ተናገረ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የራሱ ዘይት መጭመቂያ እንዲኖረው መመሪያ ወርዷል። የመጂዳ ዐሳራ በየሳምንቱ ሐሙስ አራት ጀሪካን ዘይት ለማኅበሩ ሱቅ ካስገባ በእጇ ይቆያል። አንድ ሐሙስ ከጎደለ ግን ዐሳራውም ግመሉም ወደ ማኅበሩ ይዞራል።

እሱ ከወጣ በኋላ መጂዳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሰሊጡን በእፍኟ እየዘገነች ወደ ሙቀጫው ትጨምራለች። በመጨረሻ «አራት ጀሪካን እንሞላለን። ሰቡር ካልታመመ እንሞላለን» አለች። ቀና ብላም አየችኝ። «ኡስታዝ፣ ሥዕሉ ጎንደር ከተሰቀለ ስሜ ይጻፍበታል?»

«ይጻፋል።»

«የመጂዳ ግመል ተብሎ?»

«አዎ።»

«ጎንደር ያሉት ትልልቆቹ ስሜን ካዩት እነዚህ አይደፍሩኝም። ይረዳኛል፣ አይደል?»

ይረዳት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ኤግዚቢሽኑን ማን እንደሚያየው እንኳ አላውቅም። «በጣም ይረዳሻል» አልኳት።

ሥዕሉን የምልክበት ቀን ሲቃረብ አንድ ዓርብ ሙሐመድጣሂር ለጁምዓ ሶላት ሄዱ። ዐሳራው ውስጥ እኔና መጂዳ፣ ሰቡርም ሲዞር፣ ብቻችንን ነበርን።

«እቴ መጂዳ፣ ለአንድ ደቂቃ ግለጪልኝ» አልኳት።

«አይሆንም። ዐሚ ይቆጣኛል።» ሽማግሌውን በዐረብኛ አጎቴ ብላ ነው የምትጠራቸው።

«አያውቁም። አንድ ደቂቃ ብቻ። ይህን ሥዕል ሳልይዝ ከሄድኩ ጎንደር የሚሰቀለው የሌላ ሰው ግመል ነው።»

«ወላሂ አንተ ሰው!»

«ስምሽ እንዲጻፍ አትፈልጊም?»

ይህን ማለቴን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሰቡርን አቆመችው። በመጣሁበት ዕለት ሽማግሌው የነገሩኝን፣ በየቀኑም ያየሁትን ነገር ሁለታችንም እያወቅን ጨርቁን ፈታች።

ሰቡር አልደነገጠም። መጀመሪያ ብርሃኑ ስላስቸገረው ጨፈነ። ከዚያ ገለጠ። ሙቀጫውን አየ። ጣሪያውን የያዙትን ምሰሶዎች አየ። አንገቱን ቀስ ብሎ አዙሮ ከትከሻው ጋር የታሰረውን አግዳሚ አየ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ መሬቱን አየው፤ እግሩ በስንት ዓመት የቦረቦረውን ክብ ቦይ። ዓይኑ በቦዩ ላይ ቀስ ብሎ ሄዶ ሄዶ ተመልሶ ወደ ራሱ እግር መጣ። በመጨረሻ እኔን አየኝ።

እንዲህ ነው የምለው እኔ ነኝ። ግመሉ ያንን አስቦ ይሁን፣ ወይስ ብርሃኑ በርትቶበት ዝም ብሎ ያፈጠጠ ይሁን አላውቅም። እኔ ግን እየሳልኩ ነበር። እጄ ከእኔ ቀድሞ ይሄድ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ ቡናማው ወደ ጥቁሩ ፈሰሰ፤ የዓይኑን ብርሃን ነጭ ወረቀቱን ትቼ አወጣሁት። አንድ ደቂቃ ያልኩት ሰባት ደቂቃ ሆነ። ብሩሹን ሳስቀምጥ በሕይወቴ ከሳልኩት ሁሉ የሚበልጠውን እንደሳልኩ አውቄ ነበር።

«ጨረስክ?» አለች መጂዳ።

«ጨረስኩ።»

ክዳኑን መልሳ አሰረችለት። «ያላ፣ ሰቡር» አለችው። አልተንቀሳቀሰም። በመዳፏ ጎኑን መታ አደረገችው። አልተንቀሳቀሰም። ዱላ አንሥታ ታፋውን መታችው። ረጅም የሆድ ድምፅ አወጣና አግዳሚው እንደታሰረበት ተንበረከከ። እንጨቱ ጮኸ።

ሙሐመድጣሂር ሲመለሱ ግመሉን ተንበርክኮ አገኙት። ወደ ክዳኖቹ ሄደው ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱ። የእሳቸው አስተሳሰር አልነበረም።

«ማነው የፈታው?»

«ጨርቁ አርጅቶ በራሱ ወደቀ፣ ዐሚ» አለች መጂዳ፣ እኔን ሳታይ።

ሽማግሌው ዞሩ። እጄ ላይ ያለውን ገና ያልደረቀ ሥዕል አዩ። ሁለቱም ዓይኖች ተገልጠዋል፤ ከኋላቸው ሙቀጫው አለ። ጠጋ ብለው ተመለከቱት።

«ይመስላል» አሉ። ሰቡርን ከአግዳሚው ሊፈቱት ጎንበስ አሉ። እኔም ሥዕሉን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ ሽማግሌው ሰቡርን በሸሕዲ መንገድ ግማሽ ቀን ይዘውት ሄዱ። እውነተኛ መንገድ ከሄደ ይረሳው ይሆናል ብለው ነው። ዓይኑ ተሸፍኖ እንኳ መንገዱን በደስታ ሄደ፤ ሲመለስ ዐሳራው በር ላይ አፍንጫውን አነሣ፣ አሸተተ፣ ተንበረከከ። እሑድ በኋለኛው በር በኩል ሊያስገቡት ሞከሩ፤ እዚያም ተንበረከከ። ሌላ ግመል እንዳይበደሩ፣ ሌላው ግመል ሸክም እንጂ መዞር አያውቅም። አንዱን ለማስለመድ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ሐሙስ አራት ቀን ነው የቀረው።

ሰኞ ጠዋት ስሄድ አግዳሚውን መጂዳና ሁለቱ ልጆቿ ሲገፉት አገኘኋቸው። ትንሿ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ጃኬቴን አውልቄ ገባሁ።

«ኪየቭ ይሄንን አስተማሩህ ኡስታዝ?» አለችኝ መጂዳ እየገፋች።

«አላስተማሩኝም።»

«ስድስት ዓመት በከንቱ በሉህ በለኛ!»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን በትንፋሽ ተቆረጠ። ገፋን። ሰሊጡ በመጀመሪያ እንደ አሸዋ ነው፤ ከዚያ እንደ ጭቃ ይሆናል፤ ዘይቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ዘነዘናውን ይይዘዋል፤ ያኔ አራት ሰው ሆነን አንድ እርምጃ ለመሄድ ጥርሳችንን እንነክሳለን። ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሰናል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምሰሶዎቹ መዞር ጀመሩብኝ። እጄን ለቅቄ በር ላይ አስመለስኩ።

«ዓይንህን ጨፍነህ ግፋ» አሉኝ ሙሐመድጣሂር፣ ሰሊጡ ላይ ውሃ ጠብ እያደረጉ። «ካየኸው አይቻልም።»

ጨፍኜ ገፋሁ። እውነትም መዞሩ ተወኝ። ቀጥ ባለ መንገድ የምሄድ መሰለኝ።

ሦስት ቀን ገፋን። የልጆቹ መዳፍ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ መጂዳ በዘይት ጠቀለለችው። ረቡዕ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሞላው ሁለት ጀሪካን ነበር። ሁለተኛውም እስከ አፉ አልደረሰም።

መጂዳ ጀሪካኖቹን እያየች መሬት ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አሁን ሄጄ ለጓድ እንግዳው ልንገረው» አልኳት።

«አሁን ለብቻው ብትነግረው ነገ ይክዳል። ነገ ስብሰባ ላይ ይጠይቁሃል፤ እዚህ ስትውል አይተውሃል። አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፣ ባሕር ማዶ የተማርክ ነህ፤ የእኔን ቃል ባይሰሙ ያንተን ይሰማሉ። ያኔ በሰው ፊት እኔ ነኝ ያስፈታሁት በላቸው። ለግመሉ ሦስት ወር ይስጡን። ዐሚ ሌላ ያስለምዳል።»

«እላለሁ።»

«ማልልኝ አልልህም» አለችኝ። «ብቻ በላቸው።»

ሐሙስ አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሰው የመጣው ለመጂዳ አዝኖም፣ ከሙቀቱ ሸሽቶም፣ ስም ሲጠራ እንዳይቀርበትም ነው። ሁለቱ ጀሪካኖች ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ጓድ እንግዳው ከወረቀት አነበበ። የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ግመሉን መርምሯል፤ ግመሉ ጤነኛ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይራመዳል።

«ጤነኛ ግመል ለምን ይቆማል?» አለ። «ድንበሩ ከዚህ ስንት እርምጃ ነው? ሁላችንም እናውቃለን። ዘይቱ የት እንደሚሄድ እኔ አላየሁም፤ አየሁ አልልም። ግን አንድ ግመል በራሱ ሥራ አቆመ ብዬ ለበላይ አካል ብጽፍ ምን ይሉኛል? አሻጥር የሚባል ነገር አለ፣ ጓዶች።»

ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለፈው ዓመት በአሻጥር ተጠርጥሮ የተወሰደ መጋዘን ጠባቂ ነበር፤ እስካሁን የት እንዳለ ሚስቱ አታውቅም።

«ጓድ ፀሐዩ» አለኝ። ተነሣሁ። «ሁለት ሳምንት እዚያ ስትውል ነበር። የሆነውን አይተሃል። ሴትዮዋ ግመሉ አንድ ነገር አይቶ ደነገጠ ትላለች። ግመሉ ምን አይቶ ነው የቆመው?»

መጂዳ በሴቶቹ ረድፍ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። አየችኝ። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም፤ የምትጠብቀውን ቃል የምትሰማ ሰው ፊት ነበር።

አፌን ስከፍት ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። አንዱ ፍርሃት ነው፤ ክዳኑን እኔ ነኝ ያስፈታሁት ካልኩ አሻጥረኛው እኔ ነኝ፤ ከውጭ አገር የመጣ ሰው ደግሞ ለዚህ ስም ይመቻል። ፍርሃቱን ብቻ ቢሆን አሸንፈው ነበር ብዬ ራሴን እደልላለሁ። ሌላው የባሰ ነበር። በእርግጥ በእኔ ምክንያት ነው? ግመል ያረጃል፣ ይሰለቻል፣ እግሩን ያመዋል። ያላረጋገጥኩትን እንዴት ነው የምናገረው? ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ስጠራጠር ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ጥርጣሬዬ ለፍርሃቴ ልብስ ሆነለት።

«ግመሉ ምን እንዳየ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

አንዳንዱ ሳቀ። «እሱንማ እኛም እናውቃለን» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሌላ የምትለው አለ?»

መጂዳን አላየሁም። «የለም» ብዬ ተቀመጥኩ።

ውሳኔው ብዙ አልፈጀም። ሙቀጫው፣ ዘነዘናውና ግመሉ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የማኅበሩ ይሆናሉ። አሻጥር ነው የሚለው ለጊዜው በይደር ይቆያል። ጓድ እንግዳው የምትለው ነገር እንዳለ መጂዳን ጠየቃት።

ቆመች። «ዐሳራው ያለው ጓሮዬ ውስጥ ነው። እኔ ልብስ የማጥበው የት ነው?»

«ቤቱ ያንቺ ነው። ማንም አይነካብሽም።»

«በመሐሉ አጥር ታጥራላችሁ ወይስ እኔ ልጠር?»

አሁንም የሳቀ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችው ከልቧ ነው፤ መልስ እየጠበቀች ቆመች። ጓድ እንግዳው ወረቀቱን አጠፈ። በር ላይ ስንተላለፍ ነጠላዋ ክንዴን ነካኝ። አንድ ቃል ብትናገረኝ፣ ብትሰድበኝ እንኳ፣ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። አልፋኝ ሄደች።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ከወዲህም ከወዲያም ሰው ይሻገራል። በአራት ሰዓት ገደማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መጂዳና ሙሐመድጣሂር ሰቡርን ሁለት ጆንያና አንድ አልጋ ጭነው፣ ትንሿን ልጅ ከላይ አስቀምጠው፣ ትልቋን አስከትለው የድንበሩን ድልድይ ተሻገሩ። ጠባቂዎቹ ገበያተኛ መሰሏቸው። ይህን የነገረችኝ ሽንኩርት ይዛ በየገበያው ማዶ ወዳለችው የሱዳን ከተማ ወደ ገላባት የምትሻገረው ሐዋ ናት፤ አብራቸው ነበረች። ከገበያው ማዶ አንዲት የሳር ጎጆ ተከራይተው ተቀምጠዋል አለችኝ።

ሥዕሉ ወደ ጎንደር ሄዷል፤ እኔው ነኝ የላክሁት። ግንቦት ላይ የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ። ከሥዕሎቹ ሁሉ ሰው ያቆመው የእኔ ነው ይላል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ከዚያ ግመል ፊት ቆሞ ቀርቷል ይላል። ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ጎንደር እንድዛወርም ተፈቅዷል። ከደብዳቤው ጋር ሥዕሉ በተሰቀለበት ቦታ የተነሣ ፎቶግራፍ ተያይዟል። ከሥዕሉ ሥር «የኅብረት ሥራ ማኅበር ግመል በሥራ ላይ» ተብሎ ተጽፏል።

ደብዳቤውን ይዤ በቀጥታ ጓድ እንግዳው ቢሮ ገባሁ።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለኝ። «ሰምቻለሁ።»

«ክዳኑን ያስፈታሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ክዳን?»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ አዳመጠኝ። ስጨርስ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ።

«ያን ቀን ጠየቅኩህኮ» አለኝ። «በሰው ሁሉ ፊት አስነሥቼ ጠየቅኩህ። እኔ እኮ የሆነ ነገር በል ብዬ ነው። አንድ ምክንያት ብትሰጠኝ ሦስት ወር እጽፍላት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሴትዮዋ የለችም። ግመሉ የለም። ሙቀጫው ባዶውን ተቀምጦ ምስጥ እየበላው ነው።» ወደ መስኮቱ አየ። «ጽፈህ ፈርምልኝ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ተመልሳ ራሷ ካመለከተች የአንተን ወረቀት ይዤ ጉዳዩን እንደገና አስታያለሁ። ዐሳራዋንም የማስመልስላት ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ካለፈች ግን ከድታ ወጥታለች ብዬ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ፤ ቤቱም ይወረሳል። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ጻፍኩ። ፈረምኩ። የሚመጣብኝን ለመጀመሪያ ጊዜ አላሰብኩም። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ለመጂዳ ጻፍኩላት። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ትልቋ ልጅ ግን አምስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ እሷ እንድታነብላት በጉልህ ፊደል፣ በአጭሩ ነው የጻፍኩት።

«እቴ መጂዳ፣ ያን ቀን ማለት የነበረብኝን አሁን ብያለሁ፤ ፈርሜያለሁም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ በጓድ እንግዳው መዝገብ ውስጥ አለ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ተመልሰሽ ካመለከትሽ ዐሳራሽ ይመለስልሻል፣ ቤትሽም አይወረስም። አባት ሙሐመድጣሂር ሌላ ግመል እስኪያስለምዱ አግዳሚውን እኔ እገፋለሁ። ወደ ጎንደር አልሄድም። ትመጪ እንደሆነ በሐዋ አንድ ቃል ላኪብኝ፤ ድልድዩ ላይ እቆምልሻለሁ። ፀሐዩ።»

ሐዋ ወረቀቱን ከመቀነቷ ጋር ቋጠረችው። በማግስቱ ማታ ቤቷ በር ላይ ጠበቅኳት።

«ሰጠሻት?»

«ለትልቋ ልጅ ሰጠሁ። እናትየው በር ላይ ቆማ ነበር። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችላት፤ ሁለት ጊዜ።»

«ምን አለች?»

«ሽንኩርቱ የደጋ ነው ወይ አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ? ገዝታኝ ገባች።»

የጎንደሩን ዝውውር እንደማልፈልግ ጻፍኩ። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም መጣ፤ ደረቁ ወንዝ ሞላ። በየገበያው ቀን ሐዋ ስትመለስ ከሩቅ አያታለሁ፤ እሷም ሳልጠይቃት፣ የለም ለማለት፣ ራሷን ትነቀንቅልኛለች። ሰኔ ሠላሳ ማክሰኞ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ እየወረደብኝ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጓድ እንግዳው ቢሮውን ቆልፎ ሲወጣ አየኝ፤ ሰዓቱን አየ፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ ትንሽ አብሮኝ ቆመ። ከማዶ የመጣ ሰው አልነበረም።